ሦስተኛው ማደሪያ

አማቼ ልጄን ካገባ ጀምሮ አንድ ጉርሻ እንኳ ሲበላ አይቼው አላውቅም ነበር። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ግቢያችን አንድ ነው። የእኔ ጎጆ እዚህ፣ የእነሱ ጎጆ እዚያ፣ በመሃል አንድ የማንጎ ዛፍ። እንደዚያም ሆኖ ሳህኑን ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ እንጂ አፉ ውስጥ ሲያደርግ አላየሁም። እኔ ከጓሮ ብቅ ካልኩ ሳህኑን አስቀምጦ ይነሳል። መንገድ ላይ ካገኘኝ ፊቱን ወደ አጥር አዙሮ ያሳልፈኛል። መጀመሪያ ላይ የናቀኝ መስሎኝ ስንት ቀን ስንጨረጨር ከረምኩ። በኋላ ልጄ አስካለ አስረዳችኝ። በእነሱ በኑዌሮች ዘንድ ወንድ በሚስቱ እናት ፊት አይበላም፣ ዓይኗን ትክ ብሎ አያይም፣ እሷ የተናገረችውንም አይመልስም። ክብር ነው አለችኝ።

«ክብሩስ ይሁን፤ ግን እኔ ጅብ ነኝ እንዴ የሚሸሸኝ?» አልኳት።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ወድጄ አይደለም፤ ያ ክብር አንድ ቀን ሰው ሊገድልብኝ ስለነበር ነው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ከመጡት ነኝ። ባሌን ወባ የወሰደብኝ በሰፈራው መንደር ነው። ከዚያ ልጄን ይዤ ወደ ከተማ ወጣሁና ገበያ ውስጥ ጨውና በርበሬ፣ ሲገኝም ሽንኩርት መሸጥ ጀመርኩ። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ማንበብና መጻፍ ይበቃኛል። በገበያው «እትዬ ሚዛን» ይሉኛል። አኙዋክ ይምጣ ኑዌር፣ ደገኛ ይምጣ ባለሥልጣን፣ ጣቴን ሚዛን ላይ አሳርፌ አላውቅም፤ ሌላው ሲያሳርፍ ካየሁም ገበያውን በአንድ እግሩ አቆመዋለሁ።

ዘመኑ ጋምቤላ ክልል የሆነችበት መጀመሪያው ነበር። አዲስ ቢሮ በተከፈተ ቁጥር ይሄ ወንበር የማን ነው፣ ያኛው የማን ነው፣ ደገኛው የት ይቀመጥ የሚባልበት ጊዜ። እንደዚያ ባለ ወሬ መሃል የአንድ ደገኛ ሴት ልጅ ለኑዌር መምህር መዳሯ ለገበያው ትልቅ ወሬ ነበር። የልጅ ልጄ ስትወለድ እሱ ኛማል አላት፤ እኔ ሰላም አልኳት። ሁለቱም ትርጉማቸው አንድ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ይጠሩ ብዬ ፈረድኩ።

አማቼ ስሙ ጋትሉዋክ ነው። ትምህርት ቤት ለአጋማሹ ዕረፍት ሲዘጋ አንድ ሐሳብ አመጣ። ሕፃኗን ይዘን፣ በብስክሌት፣ ቀስ እያልን፣ ዘመድ ቤት እያደርን እንዙር፤ የእኛም ዘመዶች ይዩዋት፣ የእሱም ይዩዋት። የራሱ የቻይና ብስክሌት ነበረው፤ ሌላ ደግሞ ከሥራ ባልደረባው ተዋሰ።

የት የት እንደምናድር የተመካከርነው ማንጎው ሥር ነው። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ መሬት ላይ በእንጨት መንገዱን ይስላል፤ አስካለ በመሃላችን ትቀመጣለች፤ ሦስታችንም አማርኛ እየቻልን እሷ አስተርጓሚ ናት።

«ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ የመጀመሪያውን ሌሊት የሰፈራው መንደር፣ የእሳቸው ዘመዶች ጋ እናድራለን።»

«ሰምቻለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም» አልኩ።

«ሰምታለች» አለችው አስካለ እየሳቀች።

«ሁለተኛውን ኢታንግ ከተማ፣ ጓደኛዬ ቤት። በሦስተኛው ቀን አጎቴ መንደር ደርሰን፣ ሕፃኗን አሳይተን፣ ሳይመሽ ተመልሰን እዚያው ኢታንግ እናድራለን።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። «ምን ማለት ነው? የኔ ዘመዶች ጋ ሌሊት አድረን፣ የሱ ዘመዶች ጋ በር ላይ ሰላም ብለን ልንመለስ? ነገ ‹ደገኛይቱ የኑዌር ቤት ማደር ተጸየፈች› ሊሉኝ ነው? አይደረግም! ሌሊት በሌሊት፣ እኩል። ሦስተኛው ማደሪያ አጎቱ መንደር ነው!»

እንጨቱ መሬት ላይ ቀጥ አለ። ከዚያ ጋትሉዋክ የሦስተኛውን ማደሪያ ክብ በመዳፉ አጠፋና ሩቅ ወስዶ ሌላ ሳለ።

«እንዳሉ» አለ።

ደስ ብሎት ነው ብዬ እኔም ደስ አለኝ።

ጉዞው ሲጀመር እውነትም ሽርሽር ነበር። እኔ የአማቼ ጀርባ ላይ ተለጥፌ አልሄድ ነገር፤ ስለዚህ ከአስካለ ኋላ መጫኛው ላይ ፍራሽ ቢጤ ተደርጎልኝ ተቀመጥኩ። እሱ ሕፃኗን ከፊቱ አስቀምጦ፣ ጓዙን ከኋላው አስሮ ይቀድማል። ልጆች እየተከተሉ «ብስክሌት! ብስክሌት!» ይላሉ። አኙዋክ ሴቶች ዓሣ በራሳቸው ተሸክመው ሲያልፉ እኔን አይተው በሳቅ ይፈርሳሉ። «እትዬ ሚዛን፣ በየት በኩል ነው የምታደዪው?» አለኝ አንድ የሚያውቀኝ ሰው፤ ትንሽ ስንገዳገድ አይቶ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ከዘመዶቼ ጋር በጨዋታ አለፈ። ሁለተኛውም ኢታንግ በሰላም አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ከትልቁ መንገድ ወጥተን በእግር መንገድ ወደ ውስጥ ገባን። ሣሩ ደርቆ እስከ ትከሻ ይደርሳል። ፀሐዩን አልነግራችሁም፤ ጋምቤላን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅ ቢነግሩትም አይገባውም። እኩለ ቀን ላይ የእኛ ብስክሌት እሾህ ወጋውና ሁለቱም ጎማዎች ተነፈሱ። ጋትሉዋክ መለጠፊያውን አወጣ፤ ማስቲሹ በሙቀቱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ስለዚህ እየገፋን ሄድን። ስንገፋ ጠማን፤ ሲጠማን ጠጣን። መንደር ስንደርስ ውሃ ሞልቷል ብለን ስለነበር ማንም አልሰሰተም።

መንደሩ ከሩቅ ሲታይ የተሟላ ነበር። ጎጆዎቹ አሉ፤ ከብት የሚያድርበት ትልቁ ክብ ቤትም እንደ ኮረብታ ቆሟል። እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ ሕፃኗን ፊቷን በምራቄ ጠራረግኳት። እንግዳ ነና!

ውሻ አልጮኸም።

ልቤን መጀመሪያ የመታው እሱ ነው። ውሻ የማይጮህበት መንደር። እየቀረብን ስንሄድ በሮቹ በሣር ጥቅል ተዘግተዋል። ምድጃው ላይ አመዱ ቀዝቅዞ ነፋስ በትኖታል። ኩሬ ነበር የተባለው ቦታ ጭቃው ተሰነጣጥቆ እንደ ተሰበረ ሸክላ ሆኗል። ጋትሉዋክ ብስክሌቱን አስደግፎ በኩሬው ጠርዝ ቁጢጥ አለ። እጁን በስንጥቁ ውስጥ ሰዶ ቆየና አወጣው፤ አቧራ ነበር።

«ሰዎቹ የት ሄዱ?» አልኩ።

አስካለ ማልቀስ ጀመረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኑዌሮች በጋው ሲበረታና ኩሬው ሲደርቅ ከነከብታቸው፣ ከነልጅ ልጃቸው፣ መንደሩን ዘግተው ወደ ወንዙ ዳርቻ ይወርዳሉ። እዚያ ዝናብ እስኪመጣ ይሰፍራሉ። ይህን እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው ሰው ቤት ከሠራ ቤቱ ውስጥ እንደሚኖር ነው። ጋትሉዋክ ግን ያውቃል። ያን ቀን ማንጎው ሥር እንጨቱን ቀጥ አድርጎ ያቆመው ለዚህ ነበር። ማታ ለአስካለ «ከብቶቹ ወርደው ቢሆንስ?» ብሏታል። «ንገራታ» ስትለው «የእናትሽን ቃል እንዴት አድርጌ ልመልስ?» አላት። እሷ ደግሞ እኔ ስቆጣ ፈርታ፣ ቤተሰቡን ሊደብቀኝ የፈለገ እንዳይመስለኝ ብላ፣ «ዘንድሮ ዝናቡ ቆይቷል፤ ገና አልወረዱም» ብላ ራሷንም እሱንም አታለለች።

ይህን ሁሉ ደረቁ ኩሬ ዳር ቆማ ነገረችኝ።

ጮህኩ። የጮህኩት ግን በራሴም ላይ ነው። ጥፋትም ቢሆን በእኩል ይከፋፈላል፤ አንድ ሦስተኛው የእኔ ነበር።

ወደ ኢታንግ እንዳንመለስ በእግር፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሕፃን ይዘን የማይቻል ነው። ወንዙ ደግሞ በከብቶቹ ዱካ ቢኬድ ከኢታንግ ይቀርባል አለ ጋትሉዋክ፣ ፊቱን ወደ ዛፍ አዙሮ። ግን ለዚያም ቢሆን ንጋትን መጠበቅ አለብን። በጀሪካኑ የቀረችውን ውሃ አየሁ። ታች ላይ ናት። ኩባያ አወጣሁና ማንም ሳይጠይቀኝ ፍርዱን ያዝኩት፤ ውሃ የሚያድል እኔ ነኝ፤ ለሁሉም እኩል፤ ሕፃኗ ከእናቷ ጡት ታገኛለች። ቀድቼ ለአስካለ ሰጠሁ፤ ጠጣች። ለጋትሉዋክ ቀዳሁ፤ አስካለ ወሰደችለት። እሱም እንደ ልማዱ ኩባያውን ይዞ ከከብት ቤቱ ጀርባ ሄደ። የኔን እዚያው ጠጣሁ።

በማግስቱም ጎሕ ሲቀድ እንዲሁ አደልኩ። እሱም እንዲሁ ይዞ ከጀርባ ሄደ። ሲመለስ ግን ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥርሱ ሲንገጫገጭ ከሩቅ ይሰማል። ያንን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ። ባሌን የወሰደው እሱ ነው።

የተነፈሰውን ብስክሌት እዚያው ጥለን፣ በደህናው ላይ ሕፃኗንና ጓዙን ጭነን የከብቶቹን ዱካ ተከተልን። እሱ ይገፋል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። አስካለ መሪውን ልትቀበለው ስትል እንቢ ይላል። ፀሐይ ከአናታችን ስትወጣ አንድ ትልቅ የሁመር ዛፍ ሥር ደረስን። እዚያ ብስክሌቱን በጥንቃቄ አስደገፈና፣ ልክ ሊተኛ እንዳሰበ ሰው ቀስ ብሎ ተዘረጋ። ከዚያ መነሳት አቃተው።

ልጄ ጮኸች። እኔ አልጮህኩም። ለመጮህም ምራቅ ያስፈልጋል።

«አንቺ ብስክሌት ትነጂያለሽ» አልኳት። «ልጅሽን ያዢና ዱካውን ተከትለሽ ንጂ። ሰዎቹን ድረሺባቸው።»

«እናንተስ?»

«እኛማ ሽርሽር ላይ ነን፤ ጥላ ሥር አረፍ እንላለን።»

አልሳቀችም። እጄን ይዛ ከእሱ ራቅ አደረገችኝ። «እማ፣ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልጠጣም።»

«እንዴት አልጠጣም? በእጄ ቀድቼ!»

«እየወሰደ የሚሰጠው ለኔ ነው። ወተትሽ እንዳይደርቅ፣ ልጅቷ እንዳትሞት ይለኛል። ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኛል።»

አንባቢዎቼ፣ በገበያ ብዙ ዓይነት የሚዛን ማጭበርበር አይቻለሁ። ድንጋይ የሚጨምር፣ ጣት የሚያሳርፍ፣ ከሥር ሰም የሚለጥፍ። ራሱን ለማጉደል ሚዛን ያዛባ ሰው ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። እኔ እኩል አካፈልኩ ብዬ አንገቴን ቀና አድርጌ ስሄድ እሱ በጓሮ እውነተኛውን ክፍፍል ይሠራ ነበር።

በጀሪካኑ የቀረችው አንድ ኩባያ አትሞላም። አስካለ አልነካም አለች። «ለሱ» አለች። ሕፃኗን ከፊቷ አስራ ወጣች። ስትሄድ ቀሚሷ በደረቁ ሣር መሃል እየታየ እየጠፋ፣ እየታየ እየጠፋ፣ በመጨረሻ ጠፋ። ልጄም የልጅ ልጄም ያንን መንገድ አልፈው ይድረሱ አይድረሱ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነበር።

ቀረን። በዓለም ላይ ሊተያዩ የማይገባቸው ሁለት ሰዎች፣ በአንድ ዛፍ ሥር፣ ከትንሽ ውሃ ጋር።

ኩባያውን ይዤ ተጠጋሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ግንዱ አዞረ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነጭ ሆኗል። ኩባያውን ወደ አፉ ሳስጠጋ ጥርሱን ገጠመ።

በመሃላችን የሚያስተረጉም ሰው የለም። ሲጨንቀኝ ጓዛችን አጠገብ ከቀረው ከብስክሌት መንፊያው ጋር ማውራት ጀመርኩ። አትሳቁብኝ።

«አንቺ መንፊያ» አልኩ፣ «ለዚህ ሰው ንገሪው። ውሃ አለ፤ ይጠጣ።»

ከዚያ ድምፁ እንደ ደረቅ ቅጠል መጣ።

«ንገሪያቸው... እሳቸው ይጠጡ። እኔ ወንድ ነኝ።»

«ንገሪው! ባሌም ወንድ ነበር፤ በገዛ እጄ ቀበርኩት!»

ፊቱን ከግንዱ አልመለሰም።

«ንገሪው፤ ደንቡ የምግብ ነው፤ ውሃን ማን ከለከለ?»

«ንገሪያቸው... አፍ ከተከፈተ ያው ነው። አባቴ አያቴ ፊት አፉን አልከፈተም። እኔም አልከፍትም።»

ሰው ሊሞት እየሄደ እንኳ ልጨቃጨቀው? ኩባያውን እጁ ላይ አስያዝኩና ተነስቼ ከዛፉ ጀርባ ዞርኩ። «ይኸው ሄድኩ፤ ጠጣ!» አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ቆርቆሮ ድንጋይ ሲነካ ሰማሁ። ሮጥኩ። እጁ ኩባያውን መሸከም አቅቶት ጥሎታል። ውሃው መሬት ላይ ጠቁሮ እየጠለቀ ነበር። መሬቷ እንዴት እንደጠጣችው! ከኛ ሁሉ በላይ የጠማት እሷ ነበረች። ተንበርክኬ ያንን እርጥብ አፈር በእጄ ጨበጥኩ፤ ምን ላደርገው እንደሆነ አላውቅም። ያኔ አለቀስኩ። በፊትም በኋላም እንደዚያ ተስፋ ቆርጬ አላውቅም። «ጌታዬ፣ ባሌን ወሰድክ ዝም አልኩ፤ ይሄንንስ በምን ፍርድ ነው?» አልኩ ጮክ ብዬ።

ጀሪካኑን ዘቅዝቄ አንጠፈጠፍኩት። ከታች ተጣብቃ የቀረች አንድ ሁለት ጉንጭ የምትሆን ወጣች። በቃ፣ እሷው ናት።

ከዚያ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሻሼን ከራሴ ፈታሁ። እጥፍ አድርጌ ዓይኔን ሸፈንኩና ከኋላዬ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ጨለማ ሆነ። በዳሰሳ ራሱን አገኘሁና ጭኔ ላይ አደረግኩት። እንደ እሳት ይፋጃል። በጣቴ ከንፈሩን ፈለግኩ።

«ጋትሉዋክ» አልኩ። በስሙ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር። «ይኸው ዓይን የለኝም። እዚህ የሚስትህ እናት የለችም። ዛፉ ነው የሚያጠጣህ። ክፈት።»

ጥርሱ እንደተገጠመ ነበር።

«አላይህም። በልጅህ እምላለሁ፤ ውሃዋ እስክታልቅ አልፈታውም። ክፈት ልጄ።»

ጣቴ ሥር ከንፈሩ ላላ። ኩባያውን አዘነበልኩ። መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። ከዚያ ጉሮሮው ድምፅ አሰማ፤ አንድ ጊዜ፣ ጉጥ። በሕይወቴ ብዙ ዘፈን ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያማረ ድምፅ ግን ሰምቼ አላውቅም።

በአንዴ አልሰጠሁትም። ከንፈሩን ትንሽ አርሼ አቆማለሁ፤ ሲቃዥ ደግሞ ትንሽ። በመሃል «እናቴ» አለ። ለማን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ለወለደችው ይሁን ለኔ። መለስኩለት፤ «አቤት» አልኩ።

ሻሹን አልፈታሁም። ውሃው ሳያልቅ ዓይኔን ካየ አፉን እንደሚገጥም አውቃለሁ። ስለዚህ ጨለማው ውስጥ ተቀመጥኩ። የማውቀው ትንፋሹን ብቻ ነው። አንዳንዴ ይፈጥናል፣ አንዳንዴ ይቆማል፣ ሲቆም የኔም ይቆማል። ከላይ ትላልቅ ክንፎች ቅርንጫፉ ላይ ሲያርፉ ሰማሁ። ጥንብ አንሳዎች እንደሆኑ ገባኝ። በእጄ አፈር እየዘገንኩ ወደ ላይ እበትናለሁ፣ እሳደባለሁ፤ እነሱ ግን አይቸኩሉም። ሕፃኗ ፀሐዩን ችላ ይሆን? አስካለ ከብስክሌቱ ወድቃ ይሆን? ጎማው ተነፍሶ ይሆን? የመጨረሻዋን ጠብታ ከንፈሩ ላይ ካፈሰስኩ በኋላ ኩባያውን በጣቴ ጠርጌ ጣቴን አፉ ውስጥ ከተትኩ። እንደ ሕፃን ጠባው።

ከዚያ ሣሩ ተንኮሻኮሸ። ዱር ነው፤ በዱር ውስጥ ሣር የሚያንኮሻኩሽ ሁሉ ሰው አይደለም። በላዩ ላይ ተደፋሁበት። ከኑዌርኛ የማውቀው ሁለት ቃል ነው፤ ሰላምታና ውሃ። ሁለቱንም እንደ እብድ ጮህኩ፤ «ማሌ! ፒ! ፒ! ፒ!»

ኮቴው ቆመ። ብዙ ሰው ነበር፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ ግን ማንም አይጠጋም፣ ማንም አይናገርም። በኋላ አስካለ እንደነገረችኝ፣ የአጎቱ ልጆች ያዩትን ማመን አቅቷቸው ቆመው ቀሩ። አማት ዓይኗን በጨርቅ አስራ፣ የአማቿ ራስ ጭኗ ላይ፣ ጣቷ አፉ ውስጥ።

አንዲት ሴት ግን ተጠጋች። የቅቤና የጭስ ሽታ መጣ። የሻከረ እጅ ከኋላዬ ሻሹን ፈታልኝ። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋው። ፊቷ በሽብሽብ የተሞላ አሮጊት፤ የአጎቱ ሚስት ኛቦል። ትስቃለች፣ እንባዋ ደግሞ ይወርዳል።

«አንተ አማት፣ አንተ ጠንካራ ነው» አለችኝ። የእሷ አማርኛ ከኔ ኑዌርኛ በብዙ ይሻላል።

በቅል ወተት ይዘው ነበር። አስካለ ከኋላቸው ብስክሌቷን እየገፋች መጣች፤ ሕፃኗ በአንዲት ልጃገረድ ጀርባ ላይ ተኝታለች።

ጋትሉዋክን በትከሻቸው ተሸክመው ወንዝ ዳር ወደ ሰፈሩበት ወሰዱት፤ ከዚያ በጀልባ ወደ ኢታንግ ጤና ጣቢያ። መርፌውን ወግተው መለሱት። ወባው እስኪለቀውና እግሩ እስኪጠና ድረስ እዚያ ከነሱ ጋር ወንዝ ዳር ሰነበትን። የእበት ጭስ ትንኙን ያባርራል፤ ከብቶቹ ያገሳሉ፤ ኛቦል ወተት ካልጨረስኩ ትቆጣኛለች። ሌሊት በሌሊት እኩል ያልኩት ሕግ ፈረሰ። የኔ ዘመዶች ጋ አንድ ሌሊት፣ የሱ ዘመዶች ጋ ስንት እንደሆነ መቁጠሩን ተውኩት። ትርፉን ሌሊት ለማንም አልመለስኩም።

ልንመለስ ስንል ኛቦል ፍየል ጎትታ መጣች። ጋትሉዋክ በፊቴ አፉን ስለከፈተ፣ ከአሁን ወዲያ ያለ ሐፍረት እንዲበላ፣ ነገሩ በፍየል ይዘጋል አለች።

«አላየሁም እኮ!» አልኩ። «ዓይኔ ታስሮ ነበር!»

«ጣትህ አይቷል» አለች።

ሁሉም ሳቀ። ክርክሩ ተበላሸብኝ። እንግዲያው እኔም ፍየል አመጣለሁ፣ እሱ አፉን ከከፈተ እኔም ከደንቡ ወጥቻለሁ፣ የአንድ ወገን ካሣ አልቀበልም አልኩ። ኛቦል ራሷን እየነቀነቀች ለአስካለ በኑዌርኛ አንድ ነገር ነገረቻት። ምን አለች ብላት «‹ይቺ ሴት ሞትንም ቢሆን በሚዛን ነው የምትቀበለው› አለች» አለችኝ።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ ብዙ ዘመን አለፈ። ሰላም በሏት ኛማል፣ ዛሬ ባለትዳር ናት። እኔ አሁንም ሚዛን እወዳለሁ፣ አሁንም ሰው ሲበደል ዝም አልልም። ግን ያ ቀን ሁለት ነገር ከውስጤ ነቅሎ ሌላ ተክሏል። እኩል ማካፈልና ፍትሕ አንድ እንዳልሆኑ ያየሁት እዚያ ነው። እኔ ኩባያውን እስከ አፉ ሞልቼ ሰጠሁ፤ ለማን የበለጠ እንደሚያስፈልግ ግን አልጠየቅኩም። ሌላው ደግሞ ይሄ ነው። እናንተም በቤታችሁ፣ በስብሰባችሁ፣ በቢሮአችሁ ድምፃችሁ ትልቅ ከሆነ፣ ጮክ ብላችሁ ፈርዳችሁ ሌላው «እንዳሉ» ሲላችሁ ቶሎ ደስ አይበላችሁ። እንጨቱን መሬት ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆመውን ሰው እዩ። የሚያውቀው ነገር ይኖራል። ሊናገር ያልቻለበት ምክንያት ፍርሃት ሊሆን ይችላል፣ ክብርም ሊሆን ይችላል፤ በዚያ በረሃ ላይ ግን ሁለቱም እኩል ይገድላሉ።

ጋትሉዋክ ከፍየሉ በኋላ በፊቴ መብላት ተፈቀደለት። መጀመሪያ ቀን አንድ ማዕድ ቀርበን ጉርሻውን ይዞ ፊቱን ወደ አጥር አዞረ። እኔም ሻሼን ወደ ዓይኔ ሳብ አደረግኩለት። ሳቀና በላ።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልሆነለትም፤ ቃሌን ፊት ለፊት መመለስ። ፀጉሩ ሸብቶም አይችልበትም። ለዚህም መላ አገኘንለት። ያቺ የብስክሌት መንፊያ ማንጎው ላይ፣ በሚስማር ተንጠልጥላ አለች፤ ዝጋ እንኳ አልጣልኳትም። እኔ አንድ ነገር ፈርጄ እሱ ካልተስማማበት ተነስቶ ይሄድና ከፊቷ ይቆማል።

«ለእናቴ ንገሪያቸው» ይላል ጮክ ብሎ፣ «ይሄ ነገር ልክ አይደለም።»

እኔም የያዝኩትን ሥራ አስቀምጣለሁ፤ እሰማለሁ።